ለጠመንጃዬ የተገኘችው ብረት

እኔ ጠመንጃ ይዤ አውቃለሁ። የሚያውቁኝ ሰዎች ይቺን ገና ተናግሬ ሳልጨርስ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። እናንተ አታውቁኝምና እባካችሁ እስከ መጨረሻው ታገሱኝ፤ ያኔ ትስቃላችሁ።

ሰፋሪ የሆንኩት አጎቴን ልሸኝ ሄጄ ነው። ደሴ ሻይ ቤት ውስጥ አስተናጋጅ ነበርኩ፤ በአንድ እጄ ብርጭቆ ደርድሬ ስሄድ ጠብታ አላፈስም። አጎቴ በድርቁ ጊዜ ለሰፈራ ተመዘገበና ጓዙን ላቀብለው መኪናው ላይ ወጣሁ። እሱ "ቆይ፣ ውሃ ሸንቼ ልምጣ" ብሎ ወረደ። መኪናው ተነሳ። "ኧረ እኔ ሸኚ ነኝ!" ብዬ ብጮህ፣ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ "ሁላችንም ሸኚ ነን ልጄ፣ ተቀመጥ" አሉኝ። የአሶሳን ቀይ አፈር የረገጥኩት እንዲህ ሆኜ ነው። ከአጎቴ ጋር ማን ማንን እንደሸኘ እስከ ዛሬ አልተግባባንም።

ሽማግሌው አያ ይመር ይባላሉ፣ የወረኢሉ ገበሬ ናቸው። ያዟቸው፣ ይፈለጋሉ።

የሰፈራ መንደራችን ሁሉ ነገር እኩል የሆነበት ነበር። ጎጆው እኩል፣ ብርድ ልብሱ እኩል፣ ዶማው እኩል፣ ራሽኑ እኩል። በሬ የሚባል የለም፤ የሚያርስልን ትራክተር ነው፣ እኛ ተሰልፈን እናርማለን። እኩልነትን አልቃወምም። ያኔም አልተቃወምኩም፣ ምን ሆኜ! ግን ሴት ልጅ ያላቸው አባቶች ተቸገሩ። አገራቸው ቢሆን የጠያቂውን በሬ ያያሉ፣ ማሳውን ያያሉ፣ ዘሩን ይቆጥራሉ። እዚህ ምኑን ይዩ? ጎረምሳው ሁሉ አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሶ፣ አንድ ዓይነት ዶማ ተሸክሞ ነው የሚመጣው።

በመንደሩ አንድ ለእናቱ የሆነ ነገር ቢኖር ጠመንጃው ነበር። ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ ነው፤ ዝንጀሮና ከርከሮ በቆሎውን እንዳይጨርሱት የተሰጠን። እኔ እጅ የገባው በጀግንነቴ እንዳይመስላችሁ። አረም ሳርም በቆሎውን ቆርጬ አረሙን ስለምተወው፣ ሊቀመንበራችን "ይሄን ሰውዬ ከማሳው አውጡልኝ፤ ዝንጀሮ እንኳ ይሄን ያህል አላጠፋም" ብለው ጥበቃ ላይ መደቡኝ። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ጠመንጃውን ትከሻዬ ላይ ያነገትኩ ቀን ቁመት ጨመርኩ። ትናንት "አንተ ቀጫጫ" ይሉኝ የነበሩ ሴቶች "ወንድም ጋሼ" ማለት ጀመሩ።

አሁን ወደ አያ ይመር ልመልሳችሁ። አንድ ልጅ አለቻቸው፣ ወለላ። ስለ መልኳ ማውራት ከጀመርኩ ጠመንጃው ይረሳልና ልተወው። ቤታቸው ምሰሶ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለች ነገር ተሰቅላለች። አያ ይመር ከአገራቸው ይዘው የመጡት እሷን ብቻ ነው። "ወንድ ልጅ አላህ አልሰጠኝም። ይቺ የገባችበት ቤት ወለላም ትገባለች። ቃሌ ነው፣ ሰው ይስማኝ!" ይላሉ፣ በየስብሰባው፣ በየቀብሩ፣ አንዳንዴም ማንም ሳይጠይቃቸው። ውስጡ ምን እንዳለ ግን ለማንም አይናገሩም። ግማሹ ሰው ክታብ ነው ይላል፣ ግማሹ ወርቅ ነው። እኔ ከወርቆቹ ጋር ወገንኩ።

ወለላን የምንፈልግ ሁለት ነበርን፤ ዋሴና እኔ። ዋሴ የሚባለው ክንዱ ግንድ የሚያህል፣ እኛ ገና ዶማ ስናነሳ እሱ መስመሩን ጨርሶ የሚያፏጭ ሰው ነው። እኔ ያለኝ ጠመንጃው ብቻ። ሽማግሌ ብልክባቸው አያ ይመር እንዲህ ብለው መለሱ፦ "እስቲ መጀመሪያ ጠመንጃውን ሳይቀማ መኸሩን ይዝለቀው። ከዘለቀው እንነጋገራለን።" እንግዲህ ልብ በሉልኝ። ጠመንጃው ከሄደ ወለላም ሄደች።

ጠመንጃው ደግሞ አመለኛ ነው። ምላጩን ዙሪያውን ከቦ ከእንቅፋት የሚጠብቀው ብረት፣ ከለላው፣ ከእኔ በፊት በነበረው ጠባቂ እጅ ተሰብሮ ጠፍቷል። ምላጩ እርቃኑን ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ሣር ከነካው ይተኩሳል። የጋቢ ዘርፍ ከነካው ይተኩሳል። እምቢ የሚለው ዝንጀሮ ሲያይ ብቻ ነው። ጥይቱን ለምን አውጥተህ አትይዝም ትሉኝ ይሆናል። የአሶሳን ዝንጀሮ አታውቁትማ! ጥይት ያለውንና የሌለውን ጠመንጃ ከሩቅ ለይቶ፣ የሌለው ሲሆን ጀርባውን ሰጥቶ ነው በቆሎ የሚበላው።

አንድ የእረፍት ቀን ዛፍ ሥር አረፍ ልል ቁጢጥ ስል የጋቢዬ ዘርፍ ምላጩን ሳበው። ድው! ዛፉ ላይ ሕዝቡን ለሥራ የምንጠራበት ደወል ተሰቅሏል፤ አሮጌ የመኪና ቸርኬ። ፍንጣሪው ሄዶ እሱን አገኘው። ቸርኬው ጮኸ፣ ሕዝቡ ከየጎጆው ዶማውን ይዞ ወጣ፣ ተሰለፈ፣ ማሳ ወረደ። ሊቀመንበሩ ከእንቅልፋቸው ተነስተው ሕዝቡን በእረፍት ቀኑ ሲያርም ሲያዩት እንባ ተናነቃቸው። "በራሳችሁ ተነሳሽነት! በእረፍት ቀናችሁ!" እያሉ በየመስመሩ እየዞሩ ጨበጡን። ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ። ወደ ማምሻው ግን ቸርኬው ፈንጣጣ የወጣበት መስሎ ተገኘ፣ ነገሩም ታወቀ። ሕዝቡ ያን ዕለት የነገረኝን ስድብ እዚህ አልደግመውም፤ ከመካከላቸው የነፍስ አባት ነበሩበት።

ሁለተኛው ባሰ። ከከተማ የመጣ ካድሬ ማንጎው ዛፍ ሥር ሰብስቦን ስለ ምርት እድገት ይናገራል። እኔ ከጎኑ ቆሜያለሁ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ ወለላ እንድታየኝ። ሰውዬው እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ "ምርት በምርት እንሆናለን!" ሲል ሁሉም አጨበጨበ። እኔም ላጨበጭብ እጄን ሳነሳ ምላጩ ከኮቴ ቁልፍ ጋር ተያያዘ። ድው! ማንጎ ካድሬው ላይ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ የፊት ወንበሮች ላይ ዘነበ። ከኋላ የነበሩት ተኩሱን ከጭብጨባው አልለዩትምና "እውነትም ምርት በምርት!" ብለው ጭብጨባውን አቀለጡት። ካድሬው ግን ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ስለነበር አልሰማቸውም።

በማግስቱ ሊቀመንበሩ አስጠሩኝ። ዓይኔንም አላዩኝም። "እስከ ቅዳሜ ይሄን ጠመንጃ ከለላ ታሠራለህ። ካልሆነ ዋሴ ይረከብሃል።"

ዋሴ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ትከሻውን ያሟሙቃል።

በነጋታው አሶሳ ገበያ ወረድኩ። ከሊፋ የሚባል የበርታ ቀጥቃጭ አለ፤ የአካባቢው ሰው የሚቆፍርበትን ዶማ የሚሠራ፣ ወሬ የሚወድ ሰው። ጠመንጃውን አገላብጦ አየና ከንፈሩን መጠጠ።

"ወላሂ ይሄ ጠመንጃ ሸይጣን አለው። ከለላ እኔ ይሠራል። ቆንጆ ይሠራል። ሐዲድ የታለ?"

"ምንድነው ሐዲድ?"

"ብረት! ብረት አንተ ያመጣል።"

"ብረት የለኝም።"

"ብረት ማፊ፣ ሥራ ማፊ" አለና ወናፉን መንፋት ቀጠለ።

ብረት ከየት ላምጣ? በመንደራችን ያለ ብረት ሁሉ የጋራ ነው። ከዶማ ላይ ቁራጭ ብነካ አሻጥረኛ ተብዬ አበቃልኝ። የከረጢት ማሰሪያ ሽቦ ጠምዝዤ ከለላ ብሠራለት፣ ሽቦዋ ራሷ ምላጩን ስባ የገዛ ምድጃዬ ላይ የተጣደውን ባቄላ አስበተነችኝ። ለሁለት ቀን ከግድግዳው ላይ ባቄላ እየለቀምኩ በላሁ።

ተስፋ ቆርጬ ውሃው ዳር ተቀምጬ ሳለ ወለላ እንስራዋን ይዛ መጣች።

"ምን ሆነሃል? ፊትህ ጠውልጓል።"

"ብረት አጣሁ።"

"የምን ብረት?"

በጣቴ አየር ላይ ክብ ሠራሁላት። "እንዲህ ያለች፣ ወፈር ያለች። ካላገኘሁ ቅዳሜ ጠመንጃው ለዋሴ ነው። ከጠመንጃው ጋር የሚሄደውን ደግሞ አንቺም ታውቂዋለሽ።"

እንስራዋን አስቀመጠችና ጣቴ ያለፈበትን አየር ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?

"በሬ ጠምደህ ታውቃለህ?"

"እኔ? በሬ የማውቀው በጥብስ ነው!"

ሳቀች። እንስራው እስኪሞላ ድረስ ብቻዋን ሳቀች። በማግስቱ እዚያው ቦታ መጥታ ከመቀነቷ ሥር አንዲት የብረት ቀለበት አውጥታ በእጄ አስያዘችኝ። ወፈር ያለች፣ ከዕድሜ ብዛት የለሰለሰች፣ ጎኗ ላይ የመስቀለኛ ጭረት ያለባት። ምላጩ ላይ ስለካት ልክ ለሱ የተሠራች!

"ከየት አመጣሻት?"

"ብረት ፈለግህ፣ ብረት ሰጠሁህ። ምን አስጠየቀህ?"

እናንተ መቼም ገበሬ ዘመድ አታጡምና ገብቷችኋል። ወገል ናት። የማረሻውን የግራና ቀኝ እንጨት፣ ድግሩን፣ ከማረሻው ጋር አንቃ የምትይዘው ቀለበት። ወገል የሌለው ማረሻ ተበትኖ የሚቀር እንጨት ነው ይላሉ፤ ያኔ የነገረኝ ቢኖር ኖሮ! ገበሬ የሆነ ሰው ጨለማ ውስጥ በእጁ ዳብሶ ይለያታል። እኔ የሻይ ቤት ልጅ ግን "የምን ቧንቧ አካል ይሆን?" ብዬ ኪሴ ከተትኳት። ከሊፋም አላወቃትም፤ የእሱ አገር ሰው በዶማ እንጂ በበሬ አያርስም። በዚያ ሁሉ አገር ወገል የማናውቅ ሁለት ሰዎች ብንኖር እኔና እሱ ነበርን፣ እግዜር ደግሞ አገናኘን።

"ይሄ ብረት ጥሩ ነው" አለ ከሊፋ በጥርሱ ሳይቀር ነክሶ። "አሮጌ ነው፣ ጠንካራ ነው። እኔ አይቆርጠውም፣ ሐራም ነው። እንዲሁ ያስራል።"

ቀለበቷን እንዳለች በሁለት ጠፍጣፋ ብረት ከጠመንጃው ሆድ ጋር አሰራትና ብሎን ቀጠቀጠባት። እኔ ደግሞ ጥጋብ ይዞኛል፤ መጠገኑ አልበቃኝም፣ "አሳምርልኝ" አልኩት። ጠፍጣፎቹ ላይ አበባ ቀረጸባቸው። ሁሉንም በአሸዋና በዘይት ፈትጎ አበራው።

"ቢነቀልስ?" አልኩት።

"ይሄ?" ተቆጣ። "ይሄ እስከ ቂያማ አይወጣም! አንተ ይሞታል፣ እኔ ይሞታል፣ ይሄ እዚህ ነው።"

ቅዳሜ ሊቀመንበሩ በሕዝብ ፊት ፈተኑኝ። "ዝለል!" ዘለልኩ፣ ዝም። "ውደቅ!" ወደቅሁ፣ ዝም። "ጋቢህን ልበስና ተንከባለል!" ተንከባለልኩ። ጠመንጃው ጭጭ አለ። ሕዝቡ ግን ጭጭ አላለም። ወደ ጠመንጃው ያያል፣ እርስ በርሱ ይጎሻሸማል፣ ይስቃል። አንዱ "እርፉንስ የት ጣልከው?" አለኝ። ሌላው "በል እንግዲህ፣ ዝናብ ሳይመጣ ግባበት!" አለ። ዋሴ እየሳቀ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ቅናት ነው ብዬ ተውኳቸው። አያ ይመር በወባ ተኝተው ስለነበር ያን ቀን አልወጡም። ወለላ ከሴቶቹ መካከል ቆማ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳለች፤ ደስታዋ መስሎኝ እጄን አወዛወዝኩላት።

በሳምንቱ ነዳጅ ጠፋና ትራክተሮቹ ቆሙ። "በበሬ ታርሳላችሁ" ተባለ፣ በሬም መጣ። ጌታ ሆይ፣ ያን ቀን የነበረውን ደስታ! ጎልማሶች የበሬ አንገት አቅፈው አለቀሱ። እኩል ነን ሲል የኖረው ሰው ሁሉ ከየጉያው የደበቀውን አወጣ፤ አንዱ የአባቱን ማረሻ፣ አንዱ የቀንበር ማሰሪያ ምራን፣ አንዱ ወገል። አያ ይመርም ወባቸው ለቀቃቸውና ያቺን ጨርቅ ከምሰሶው አወረዱ። በሕዝብ መሐል ቆመው ፈቷት። ከውስጧ የበቆሎ ቆረቆንዳ ወደቀ።

"ወገሌ!" አሉ። "ወገሌን ተሰረቅሁ!"

ሊቀመንበሩ ወዲያው ወደ እኔ ዞሩ። "ጠባቂ! ቤት ለቤት ፈትሽ። ሌባውን ሳትይዝ እንዳትመለስ።"

ጥያቄው ግልጽ ነው። ወገል ምን ይመስላል? እንጨት ይሁን ጠፍር አላውቅም። ጠመንጃ ይዤ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ "ወገል ምንድነው?" ብዬ ልጠይቅ? ሞቼ ነው! ጣቴን ከለላው ውስጥ ሰክቼ ፍተሻ ጀመርኩ። የዱቄት ከረጢት በረበርኩ፣ ቀፎ ውስጥ ገብቼ በንብ ተነደፍኩ። አንዲት አሮጊት ደጃፍ ቆሜ "እማማ፣ ወገል ደብቀዋል?" ብላቸው፣ ዓይናቸው ጠመንጃው ላይ እንደተተከለ "አንተ እያለህ እኔ ምን በወጣኝ ልጄ!" አሉኝ። ሕዝቡ ተከትሎኛል። በየደጁ ቁጥሩ ይጨምራል። አንድም ሰው እውነቱን የሚነግረኝ ጠፋ፤ ለካ እንዲህ ያለ ትርኢት በዚያ አገር ከዚያ በፊት አልታየም።

በመጨረሻ ዋሴ ቤት ደረስኩ። በሆዴ "እሱ ነው!" ብያለሁ፤ ማን ሊሆን ይችላል? በርቀት ቆሜ ጮህኩበት።

"ዋሴ! ወገሉን አውጣ!"

"እሺ" አለ ዋሴ ረጋ ብሎ። "መጀመሪያ አንተ ጣትህን ከውስጡ አውጣ።"

ጣቴን አየሁ። ቀለበቷን አየሁ። የመስቀለኛ ጭረቷን አየሁ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ሲሉ እሰማ ነበር፣ በእኔ ላይ ይደርሳል ብዬ ግን አላሰብኩም። ሳቁ መንደሩን አናወጠው። እኔ ግን ላብ አጠመቀኝ። የሽማግሌ ንብረት ሰርቆ ጠመንጃ ላይ የሰፋ ሰው! ጠመንጃው ሄደ፣ ወለላ ሄደች፣ ምናልባት እኔም ወደ እስር ቤት እሄዳለሁ።

አያ ይመር ምርኩዛቸውን ተደግፈው መጡ። ሳቁ ጸጥ አለ። ጠመንጃውን ከእጄ ወስደው ወገሏን በአውራ ጣታቸው ዳበሷት፤ ጭረቷ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"አባቴ ናቸው ይቺን የጫሯት" አሉ በቀስታ። "ልጄ፣ አንተ ነህ የወሰድካት?"

ወለላን ከሴቶቹ መካከል አየኋት። ፊቷ አመድ መስሏል። በዚያች ሰዓት የገባኝ ነገር ቢኖር፣ አባቷ በእሷ ሲያዝኑ ከማይ በእኔ ቢናደዱ ይሻላል የሚል ነው።

"አዎ አያ። እኔ ነኝ" አልኩ።

"ውሸቱን ነው!" ወለላ ሴቶቹን ገፍታ ወጣች። "አባዬ፣ ይሄ ሰው ወገልን ከዱባ ለይቶ አያውቅም! አውርጄ የሰጠሁት እኔ ነኝ። በእጄ።"

አያ ይመር ልጃቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ወገሏን አዩ። አንድ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ እኚያ ደጃቸው ቆሜ የጠየቅኋቸው አሮጊት ቀደሟቸው።

"አያ ይመር፣ 'ይቺ የገባችበት ቤት ወለላም ትገባለች፣ ሰው ይስማኝ' ብለው የለ?"

"ብለዋል!" አለ ዋሴ፣ ይባርከውና። በሳቅ ብዛት ቅናቱ ሁሉ ወጥቶለት ነበር።

"ሰምተናል!" አለ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ። በስብሰባ እንኳ እንዲህ ተስማምተን አናውቅም።

አያ ይመር ወገሏን እንደገና ዳበሷት። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወባው ተመለሰባቸው ብዬ ልደግፋቸው ስል እየሳቁ ነው። "የገዛ ቃሌ አንገቴን አነቀኝ" አሉ። "እሺ፣ ልጅቱንስ ወሰድክ። ወገሌን ንቀልልኝ።"

ጎተትን። ቀጠቀጥን። ዋሴ በሁለት እጁ ታገላት። ከሊፋ እውነቱን ነው፣ እስከ ቂያማ አትወጣም።

"እንግዲያው" አሉ አያ ይመር ጠመንጃውን ትከሻቸው ላይ እያነገቱ፣ "እኔ ወገሌ ካለችበት አለሁ። ጥበቃውን እኔ እይዛለሁ። አንተ እርፉን ያዝ።" ሊቀመንበሩ የመንደሩን ደኅንነት አስበው ይሁን እኔን ጠልተው፣ ከመቅጽበት ፈቀዱ።

ወለላን ያገባሁት በዚያው መኸር ነው። ማረስ ያስተማረኝ ዋሴ ነው፣ በውሰት ወገል። መስመሬ እባብ ያለፈበት ይመስላል እያለ ነበር ሲስቅ የሚውለው።

አንድ ቀን ወለላ ምሳ ይዛ መጥታ እርሻው ዳር ስንቀመጥ ጠየቅኋት። "ወገሏን ለምን ለእኔ ሰጠሽኝ? ለዋሴ ብትሰጪው በወጉ ያርስባት አልነበር?"

"ዋሴ ገበሬ ነው" አለች። "ገና በእጁ ሲይዛት 'የአባትሽ ወገል ናት፣ ነውር ነው' ብሎ ይመልስልኝ ነበር። በሬ ጠምደህ ታውቃለህ ብዬ የጠየቅሁህ ለምን ይመስልሃል? የሚወስዳት ሰው ነበር የፈለግሁት።"

እንጀራው በአፌ ውስጥ እንዳለ ቀረ። የጥበቃው ማማ ላይ አያ ይመር ብድግ አሉ።

"አንተ! በሬው ቆመ እኮ!" ብለው ጠመንጃውን በአንድ እጃቸው ወደ እኔ እያወዛወዙ ጮኹ።

መሬት ላይ ተደፋሁ። አልተኮሰም። ከለላው ጥሩ ነበር።